ቫይታሚን በደም ስር ልትወስዱ ነው? ስኳር፣ ግፊት፣ ኩላሊት ወይ ልብ ያለበት ሰው መጀመሪያ ይሄን ያንብብ

ቅዳሜ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ነው፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መሀል ያለው የምሰራበት ክሊኒክ ሊዘጋ ሲል አንዲት እናት ጥቁር ፌስታል ይዘው ገቡ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፣ ሁለት ቢ ኮምፕሌክስ፣ አራት ቫይታሚን ሲ አምፑል፣ ሁለት አርባ ፐርሰንት ግሉኮስ፣ አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ከነቱቦው። "ሲስተርዬ ይቺን ስቀይልኝና ልሂድ፣ አቅም የሚባል ነገር የለኝም፣ ልጄ ከቤሩት ደውላ ቫይታሚን ተሰቀይ ብላኛለች" አሉኝ። ምን በሽታ አለብዎት ስላቸው ስኳር 12 ዓመቴ ነው፣ ግፊትም አለብኝ፣ አሁን አሁን ደሞ ማታ ማታ እግሬ ያብጣል አሉ። ቁርጭምጭሚታቸው ጋ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ጉድጓዱ እዛው ቀረ። ያን ቀን አልሰቀልኩላቸውም፣ ለምን እንዳልሰቀልኩላቸው ቁጭ ብዬ ሳስረዳቸው ግን መሸ፣ እና እሳቸው ከሄዱ በኋላ ይሄን ነገር ለብዙ ሰው መጻፍ አለብኝ አልኩ።

እዚህ ዳር ዳሩ ላይ፣ ኮዬ በሉት ቱሉ ዲምቱ በሉት ገላን ወይ ለገጣፎ፣ ትልቅ ሆስፒታል ለመሄድ ሰልፍ አለ፣ ታክሲ መቀያየር አለ፣ ቀኑ በሙሉ ያልቃል፣ ስለዚ የደከመው ሰው ቅርቡ ያለ ክሊኒክ ገብቶ "ግሉኮስ" ቢሰቀል አልፈርድበትም። በተለይ ሁዳዴ ሲሆን፣ 55 ቀን ሲጾም ሰውነቱ ዝል ያለ ብዙ ሰው ይመጣል። ችግሩ ሰው ቫይታሚን ሲባል እንደ ብርቱካን ነው የሚያስበው፣ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም ይላል። በአፍ ሲሆን እሱም ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ ምክንያቱም አንጀት በር ጠባቂ ነው፣ ለምሳሌ ቫይታሚን ሲ በአንዴ ከ1 ግራም በላይ ብትውጡ አንጀት ከግማሽ በታቹን ነው የሚያስገባው፣ የቀረው ይወጣል፣ ቢበዛ ሆድ ያስቀምጣል። በደም ስር ሲሆን ግን በር ጠባቂ የለም፣ ያስገባችሁት በሙሉ ይገባል፣ ልብ ጋ ይደርሳል፣ ኩላሊት እንዲያወጣው ይጠበቃል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ወይ ልቡ የደከመ ሰው ላይ ነገሩ የሚቀየረው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚ ከመሰቀላችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፣ በቃላችሁ ያዙት፣ ምን ምን ነው የሚገባው፣ ስንት ነው መጠኑ፣ በስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው፣ ካለብኝ በሽታና ከምወስደው መድኃኒት ጋር ይሄዳል ወይ። "ቫይታሚን ነው" የሚል መልስ መልስ አይደለም። አምፑሎቹ ከመሰበራቸው በፊት አሳዩኝ በሉ፣ ስሙን አንብቡ ወይ ልጃችሁ ያንብብላችሁ፣ ፎቶ አንሱት፣ ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑን እዩ። ጠዋት ተቀላቅሎ ተቀምጦ የነበረ ከረጢት ከሆነ አትቀበሉ፣ ቫይታሚኖች ብርሃን ያበላሻቸዋል፣ ተከፍቶ የቆየ ነገር ደሞ ጀርም ይገባበታል፣ የሚቀላቀለው እናንተ እያያችሁ ሊሰቀል ሲል ነው።

አሁን በየበሽታው ልሂድ፣ ከስኳር ልጀምር ምክንያቱም የራሴ አክስት ላይ ያየሁት ነው። አክስቴ የስኳር ታማሚ ናት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። እኔ ሳልሰማ አንድ ቦታ (ስሙን አልጠራም) ሄዳ ከፍ ያለ መጠን ቫይታሚን ሲ ተሰቅላ ቤቷ ገባች። ማታ ላይ በቤት መለኪያዋ ስኳሯን ስትለካ 400 እና ከዛ በላይ አለ፣ ደግማ ለካች አሁንም እንደዛው፣ ደነገጠችና ኢንሱሊኗን ጨምራ ልትወጋ ስትል ነው ለኔ የደወለችው። ስልኩ ውስጥ ድምጿ ደህና ነው፣ አልጠማትም፣ ሽንት አያመላልሳትም፣ እንደዛ የሚያሳይ ነገር የለም። "እትዬ እንዳትወጊ፣ መርፌውን አስቀምጪው፣ መጣሁ" አልኳት። ባጃጅ ይዤ ደረስኩ፣ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ፣ ከደም ስር ተቀድቶ ላቦራቶሪ ሲታይ 160 ነበር።

ምን መሰላችሁ፣ ብዙ የቤት ስኳር መለኪያዎች ስትሪፕ ላይ የሚነበበው ስኳሩ ራሱ ሳይሆን ስኳሩ ስትሪፑ ላይ ካለው ኬሚካል ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ነው፣ ቫይታሚን ሲ ደሞ እዛው ስትሪፕ ላይ ተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ስለዚ መሳሪያው ቫይታሚኑን ስኳር ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ይሄ ለሰዓታት ይቆያል፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደሞ ከዛም በላይ ሊቆይ ይችላል። በዛ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ወርዶ ተኝቶ ላይነሳ ይችላል። ስለዚ ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ቫይታሚን ሲ በደም ስር ከወሰደ በዛን ቀን የቤት መለኪያውን አይመን፣ ቁጥሩ ከሰውነቱ ስሜት ጋር ካልገጠመ ላቦራቶሪ ይሂድ፣ ኢንሱሊን ጨምሮ አይውጋ። የሚያልበው፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚዘባርቅ ከሆነ ደሞ መለኪያው ከፍ ብሏል ቢልም ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ስጡትና ይዛችሁት ሩጡ።

ስኳር ላለበት ሰው ሌላው ነገር ከረጢቱ ራሱ ነው። 5 ፐርሰንት ግሉኮስ የተጻፈበት አንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለ፣ በሻይ ማንኪያ ቢለካ 12 ገደማ። አርባ ፐርሰንቷ ትንሿ አምፑል 20 ሚሊ ውስጥ 8 ግራም አላት፣ እሷ ደሞ ወፍራም ስለሆነች ደም ስር ታቃጥላለች፣ ከደም ስር ከወጣች ስጋውን ትጎዳለች። እናቶች "ጉልበት ይሰጣል" ብለው ራሳቸው ገዝተው የሚያመጡት ይሄንኑ ነው፣ ያቺ ቅዳሜ ዕለት የመጡትም እናት ፌስታል ውስጥ ሁለት ነበር።

ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት የወሰደ የስኳር ታማሚ ቢ 12 ሊያንሰው ይችላል፣ ይሄ እውነት ነው፣ እግር ማቃጠልና ድካምም ያመጣል። ግን ይሄን ለማከም ከረጢት መሰቀል አያስፈልግም፣ ቢ 12 ጡንቻ ላይ ይወጋል ወይ በክኒን ይሰጣል። ኒውሮቢዮንም ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው፣ ከረጢት ውስጥ ይጨመርልኝ አትበሉ። ውስጡ ያለው ቢ 6 ደሞ ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ እግሬን አቃጠለኝ ብሎ ጀምሮ እሱኑ እየደጋገመ እግሩን የሚያደነዝዝ ሰው አለ። የቲቢ መድኃኒት ላይ ያላችሁ ቢ 6 ከአይሶኒያዚድ ጋር እየተሰጣችሁ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ኩላሊት ያለባችሁ፣ እናንተ ላይ ነው በጣም የምፈራው። ቫይታሚን ሲ ሰውነት ውስጥ ከፊሉ ኦክሳሌት ወደሚባል ነገር ይቀየራል፣ ጤነኛ ኩላሊት በሽንት ያወጣዋል፣ የደከመ ኩላሊት ላይ ግን እንደ አሸዋ ደቃቅ ሆኖ ይከማችና ኩላሊቱን ጭራሽ ሊያቆመው ይችላል። የኩላሊት ጠጠር ያለበትም እንደዛው ነው። ለንጽጽር ያህል አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ሲ ከ75 እስከ 90 ሚሊግራም ነው፣ በደም ስር "ሀይ ዶዝ" የሚባለው ግን 10 ግራም፣ 25 ግራም፣ ከዛም በላይ ነው። ከቫይታሚኑ ጋር አብሮ የሚቀላቀል ማግኒዢየምም መውጫው ኩላሊት ነው፣ ከተጠራቀመ ግፊት ይወርዳል፣ ሰውየው ይደነዝዛል፣ ትንፋሹ ይቀንሳል። ስለዚ የክሬቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሰራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤታችሁን ሳያይ የሚሰቅልላችሁ ሰው ካለ ተነሱና ውጡ። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የምታደርጉ ደሞ ፊስቱላ (ለእጥበቱ በቀዶ ጥገና የተዘጋጀ ደም ስር) ያለበት እጅ ላይ ካኑላ (ፈሳሹ የሚገባበት መርፌ) እንዳይገባ፣ ግፊትም እንዳይለካ፣ ደም እንዳይቀዳ፣ ባለሙያው ቢረሳ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ይሄ እጅ አይነካም በሉ። ገና ዲያሊሲስ ያልጀመራችሁም ብትሆኑ የክንዳችሁን ደም ስር ቆጥቡት፣ ነገ ያስፈልጋችኋል፣ የግድ ከሆነ የእጅ ጀርባ ይሻላል።

ግፊትና ልብ ላለባችሁ ትልቁ ነገር ቫይታሚኑ ሳይሆን ውሃና ጨው ነው። አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ 9 ግራም ጨው አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ነው የሚለው። ሐኪም ወጥሽ ላይ ጨው ቀንሺ ያላት ሴትዮ በአንድ ከሰዓት የሁለት ቀን ጨው በደም ስሯ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት፣ ማታ ጋደም ስትል ያፍናታል፣ ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታድራለች፣ ሳል ይጀምራታል። ይሄ ከተፈጠረ ጠዋት እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ሳምባ ውስጥ ውሃ እየገባ ሊሆን ስለሚችል በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ኢናላፕሪል ወይ ስፓይሮኖላክቶን የምትወስዱ ፖታሲየም ከተጨመረበት አይሆንም በሉ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው ፖታሲየም ይይዛሉ። ፖታሲየም ደሞ በሲሪንጅ በቀጥታ ደም ስር ውስጥ ፈጽሞ አይገፋም፣ ልብ ያቆማል።

የልብ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) የምትወስዱ፣ የተቀላቀለ መልቲቫይታሚን መርፌ ውስጥ ቫይታሚን ኬ ሊኖር ይችላል፣ እሱ የዋርፋሪንን ስራ ያፈርሳል፣ ቫልቩ ላይ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል። አይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ) የሚያይላችሁን ሐኪም ሳትጠይቁ አትንኩት። የሚጥል በሽታ ላለበት ደሞ ብዙ ቢ 6 የፌኖባርቢታልና የፌኒቶይን መጠን ደም ውስጥ ይቀንሳል፣ የቆመ በሽታ ሊነሳ ይችላል። ካንሰር ታክማችሁ ኬሞ ላይ ያላችሁ ኬሞ የሚሰጣችሁን ሐኪም ሳታማክሩ ቫይታሚን ሲ አትጀምሩ። ሌላ ጂ ሲክስ ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ፣ ራሳቸውም አያውቁትም፣ እነሱ ላይ ብዙ ቫይታሚን ሲ ቀይ የደም ሴልን ያፈነዳል፣ ሽንት እንደ ኮካ ይጠቁራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚ ሀይ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ይሄ ምርመራ መሰራት አለበት፣ ካልተሰራ አይሰጥም። በቤተሰባችሁ መድኃኒት ወይ ባቄላ በልቶ ሽንቱ የጠቆረ ሰው ካለ ተናገሩ።

ይሄን ሁሉ አልፋችሁ ተሰቀለላችሁ እንበል። አልጋው ላይ ከተጋደማችሁ በኋላ ስራችሁ ጠብታ መቁጠር ነው፣ የምሬን ነው። ቱቦው መሀል ያለችውን ግልጽ ክፍል እዩ፣ ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ያዙና የሚወድቀውን ጠብታ ቁጠሩ። አብዛኛው ለአዋቂ የሚሆን ቱቦ 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ነው (ማሸጊያው ላይ ተጽፏል)፣ ስለዚ ግማሽ ሊትር በ4 ሰዓት እንዲያልቅ ከተባለ በደቂቃ 42 ገደማ ጠብታ ነው፣ በ2 ሰዓት ከሆነ 83። ከዛ በላይ ሲወርድ ካያችሁ ነርሷን ጥሩ። ክሊኒክ ሊዘጋ ሲል፣ ታክሲ ሳይጠፋ ቶሎ ይለቅ ተብሎ የቱቦው መቆጣጠሪያ ጎማ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በዓይኔ አይቻለሁ፣ አስታማሚም መጥቶ ከፍ ያደርገዋል፣ አታድርጉ፣ ሰዓት ከሌለ ነገ ይሰቀላል።

እየገባ እያለ የተለመዱ ነገሮች አሉ። ቢ ኮምፕሌክስ አፍ ውስጥ የመድኃኒት ሽታና ጣዕም ይሰጣል፣ በኋላ ሽንት ደማቅ ቢጫ ይሆናል፣ ሁለቱም አያሰጉም። ማግኒዢየም ሙቀት ሙቀት ይላል፣ ፊት ይቀላል፣ ፈጥኖ ከገባ ግን ግፊት ይጥላል፣ ዞረብኝ ካላችሁ ይቀነስ ወይ ይቁም። ካኑላው ያለበት ቦታ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ቆዳው ከተወጠረ ፈሳሹ ከደም ስር ውጪ እየሄደ ነው፣ ወዲያው ይዘጋ፣ ይነቀል፣ እጃችሁን ከፍ አድርጉት፣ አትሹት። አርባ ፐርሰንት ግሉኮስ፣ ካልሲየም ወይ ፖታሲየም ያለበት ከነበረ ሐኪም እንዲያየው አድርጉ፣ ቆዳው ሊሞት ይችላል። በሚቀጥሉት ቀናት ደም ስሩ ቀልቶ እንደ ገመድ ከጠጠረና ካመመ ደም ስሩ ተቆጥቷል፣ ለብ ያለ ጨርቅ ይረዳል፣ መግል ወይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ ግን ጀርም ገብቷል፣ ይሄ የጨርቅ ጉዳይ አይደለም፣ ሂዱ። ሴፍትሪአክሶን መርፌም እየወሰዳችሁ ከሆነ ካልሲየም ካለበት ከረጢት ጋር ወይ ከሪንገር (እሱም ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ ነው) ጋር በአንድ ቱቦ አይቀላቀል፣ ይረጋል።

ደቂቃ የማይጠበቅበት ግን አንድ ነገር ነው፣ ከባድ አለርጂ። መርፌው በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነት ማሳከክ፣ ሽፍ ማለት፣ ከንፈርና ምላስ ማበጥ፣ ጉሮሮ መዘጋት፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ማለት፣ ጭው ብሎ መውደቅ። ቢ 1 (ታያሚን) እና ቫይታሚን ኬ በደም ስር ሲሰጡ አልፎ አልፎ ይሄን ያመጣሉ፣ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን ሰዓት አይሰጥም። ፈሳሹ ይዘጋ፣ ካኑላው ግን አይነቀል ምክንያቱም ያስፈልጋል፣ ሰውየው በጀርባው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል፣ ትንፋሽ ካቃተው ቀና ይበል፣ አድሬናሊን ግማሽ ሚሊግራም ጭኑ ጡንቻ ላይ ይወጋ፣ ካልተሻለው በ5 ደቂቃ ይደገም። ሃይድሮኮርቲዞን መጀመሪያ ሲሰጥና አድሬናሊን ሲዘገይ አይቻለሁ፣ ሃይድሮኮርቲዞን ቶሎ አይሰራም፣ የሚያድነው አድሬናሊኑ ነው። ስለዚ ገና ከመግባታችሁ "አድሬናሊን አላችሁ ወይ፣ ኦክስጅን አለ ወይ፣ እስኪያልቅ አጠገቤ የሚሆን ባለሙያ አለ ወይ" ብላችሁ ጠይቁ፣ አያሳፍርም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ መጋረጃ ዘንግ ላይ አንጠልጥሎ መሰቀልን የምቃወመውም ለዚ ነው፣ ጎረቤት ነርስ ብትሆንም፣ ዘመድ ብትሆንም፣ ቦርሳዋ ውስጥ ኦክስጅን የላትም።

ይጠቅማል ወይ ለምትሉኝ፣ በደም ስር ቫይታሚን የግድ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ፣ አንጀቱ የማያስገባ፣ ለሳምንታት የሚያስመልሳት ነፍሰ ጡር፣ በመጠጥ የተጎዳ ሰው ታያሚን ከግሉኮስ በፊት ማግኘት አለበት፣ አለበለዚያ አንጎሉ ይጎዳል። ለድካምና ለረጅም ጊዜ ህመም ግን ማስረጃው ደካማ ነው። ማየርስ ኮክቴል የሚባለውን በደም ስር የሚሰጥ የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ 34 የፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያም በሽታ) ታማሚዎች ላይ ሞክረውት ነበር፣ ቫይታሚኑን ያገኙትም ቫይታሚን የሌለበት ፈሳሽ የተሰቀለላቸውም ሁለቱም ተሻላቸው፣ በመሀላቸው ግልጽ ልዩነት አልተገኘም። ተሰቅዬ ተሻለኝ የሚል ሰው ዋሸ ማለት አይደለም፣ ውሃ አንሶት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሰዓት ጋደም ብሎ ሰው ሲያየው መቆየቱም ራሱ ያሳርፋል።

ስለዚ በከረጢቱ ብር መጀመሪያ ምርመራ ግዙበት፣ ሄሞግሎቢን፣ ክሬቲኒን፣ የሦስት ወር ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ከተቻለ ቢ 12። የቅዳሜዋ እናት ማክሰኞ ውጤታቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ሄሞግሎቢናቸው 8.9 ነው፣ ደማቸው አንሷል፣ ክሬቲኒናቸውም ከፍ ብሏል፣ ድካሙም የእግር እብጠቱም ከዛ ነው። ሪፈር ጽፈንላቸው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሄዱ፣ ልጃቸው ከቤሩት በስልክ እያለቀሰች "ያንን ሁሉ ተሰቅላ ቢሆንስ" አለችኝ፣ ቫይታሚን ሲውም ጨዉም ግሉኮሱም በአንዴ ነበር የሚገባው።

ተሰቅላችሁ ያልሆነ ነገር ካያችሁ ባዶውን አምፑልና ከረጢት አትጣሉት፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለሐኪሙ ውሰዱለት፣ ምን እንደገባ ከናንተ ቃል ይልቅ እሱ ይናገራል። ባለሙያው የመድኃኒት ጎጂ ባህሪ ማሳወቂያ ቢጫ ቅጽ ይሞላል፣ እናንተም ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን 8482 ደውላችሁ መናገር ትችላላችሁ፣ ነጻ ነው። ስትደውሉ አምፑሉ ላይ ያለውን ባች ቁጥር ይጠይቋችኋል፣ ፎቶ አንሱት ያልኳችሁ ለዚህም ነው።